የትሎቹ ዶክተርና የነጃት ጣት

ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር፣ አንድ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ለዒድ የሚሆነኝን ቀሚስ ሳገላብጥ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከጎጃም ነው፤ የዶክተር ይርጋ የእህት ልጅ ነኝ አለኝ። "ዘይነባ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?" ሲል ገና ድምፁን እንደሰማሁ ገባኝ። መርዶ ይዞ የሚደውል ሰው ድምፁ ያስታውቅ የለ? "ጋሼ አረፉ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

ባለሱቁ የመናዊ ነው። "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ትወስጂዋለሽ አትወስጂውም?" ይለኛል፣ እኔ ቀሚሱን ደረቴ ላይ ለጥፌ እነፋረቃለሁ። መጀመሪያ ዋጋው አስለቅሷት ነው ብሎ ሊቀንስልኝ ነበር። ኋላ ደነገጠና ወንበር አመጣልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። "አባትሽ ናቸው?" አለኝ። "አይ፣ ሙዲሬ ናቸው፣ አለቃዬ" አልኩት። ለአለቃዋ እንዲህ የምታለቅስ ሴት ጅዳ ውስጥ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ምን ላርግ፣ ወላሂ አባቴ የሞቱ ያህል ነው የተሰማኝ። እንዲያውም አባቴ አንድም ቀን "ደንቆሮ" ብለውኝ አያውቁም፤ ዶክተር ይርጋ ግን በየቀኑ ይሉኝ ነበር።

አንድ የምርምር ቤት ውስጥ ነው አብረን የሠራነው። እኔ ከደሴ የመጣሁ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ የቁስል ተመራማሪ። ቁስል ስል የሰው እንዳይመስላችሁ፤ የትል ነው። የሰው አካል ሲቆረጥ ጠባሳ ሠርቶ ያልፋል፤ አንዳንድ እንስሳ ግን የተቆረጠበትን መልሶ ያበቅላል። ለምን? እንዴት? የሳቸው ዕድሜ በዚህ ጥያቄ አለቀ። ይህን የማያውቁት የጉለይል ሰፈር ልጆች፣ እነዚያ ቀን ሠርተው ቀን የሚበሉት የአገራችን ልጆች፣ "ዶክተር" መባላቸውን ሰምተው ኩላሊቱን፣ ወገቡን፣ ጨጓራውን ይዘው ይመጡባቸዋል። እሳቸውም ከበር ላይ ሆነው "እኔ የትል ሐኪም ነኝ፤ ትል ከሆንክ ግባ" ይላሉ። ይህን ብለው ግን ዝም አይሉም። ልጁን መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ሐኪም ጋ ያደርሱታል፤ እዚያም ወረፋ ሲጠብቁ ከልጁ ይልቅ የሚያማርሩት እሳቸው ናቸው።

ቁጣቸውን የማያነሳ የለም። እውነት ነው፣ ቁጡ ነበሩ። የጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ምንጊዜም ቆሎ አለ። ላብራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ስለሆነ ሲናደዱ ኮሪደር ይወጡና ቆሎአቸውን ይቆረጥማሉ። ከውጭ "ቋ ቋ" የሚል ድምፅ ከሰማን እንኳን ልንወጣ ሽንት ቤታችንንም እንረሳለን። ቆሎው ሲያልቅ ተመልሰው ይገቡና ምንም እንዳልተፈጠረ "እስቲ ሻይ አፍሉ" ይላሉ። ቂም የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

ትሎቹን "ማዳሞቹ" ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ቅጠል የመሰሉ፣ ጠፍጣፋ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ትሎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይተኛሉ፤ ከጉበት በቀር አይበሉም፤ ውሃቸው ትንሽ ከቆሸሸ ተኮማትረው ያኮርፋሉ። "ዶክተር፣ እነዚህ እኮ ማዳም ናቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ የማገለግለው እነሱን ነው" አልኳቸው። በጣም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስለታቸውን አንስተው አንዷን ለሁለት ሲከፍሏት "ይቅርታ ማዳም" ሳይሉ ቆርጠው አያውቁም።

ሲቆርጧት ያየሁ ቀን መተኛት ነው ያቃተኝ። ለሁለት ከፈሏት። የራስዋ ወገን ጭራ አበቀለ፤ የጭራዋ ወገን ደግሞ ራስ አበቀለ፤ ያውም ከነዓይኑ! አንድ የነበረችው ሁለት ማዳም ሆና ጉበት ጠየቀችኝ።

"ማን ነገራት?" አሉኝ ዶክተር ይርጋ። "ቁስሉ አንድ ነው፣ ስለቱ አንድ ነው። በዚህ በኩል ያለው ሕዋስ ራስ እንዲሠራ፣ በዚያ በኩል ያለው ጭራ እንዲሠራ ማን ነገረው?"

"አላህ ነዋ!" አልኩ።

"እሱማ ነው። በምን በኩል ነገረው ነው የምልሽ።"

ከዚያ ተቀምጠው አስረዱኝ። ሲያስረዱ ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ እጃቸው አየር ላይ የሆነ ነገር የሚፈትል ይመስላል። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጡና ውጪው የተለያየ የኤሌክትሪክ ሙሌት አለው አሉኝ፤ በጣም ጥቂት ነው፣ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አይወዳደርም። ቆዳ ሲቀደድ ያ ሙሌት በቀዳዳው ይፈሳል። በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ያንን ያውቁና ወደ ቁስሉ መሃል መጓዝ ይጀምራሉ። ከዚያ ኬሚካሎቹ ይከተላሉ፤ አንዱ "እዚህ ጋ ራስ ይሁን" ይላል፣ ሌላው "የለም፣ እዚህ ጭራ ነው" ይላል። ሕዋስ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ ያቀብላል።

"የሰፈር ሴቶች ናቸው በሉኛ" አልኳቸው።

"ከሰፈር ሴት የሚለያቸው ሳያጣሩ አለማውራታቸው ነው" አሉና ቀና ብለው አዩኝ። ለኔ ነበር፤ ገብቶኛል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሕዋሳቱ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ለጊዜው የሚዘጋ መድኃኒት ውሃው ውስጥ አደረጉ። ሳምንት አልፎ ሳህኑን ስከፍት ምን ልይ? ትሏ በዚህም ራስ በዚያም ራስ! "አዑዙ ቢላህ!" ብዬ ሳህኑን ልለቀው ስል ያዙኝ። "ዘሯ አልተነካም" አሉኝ፤ "የተሠራችበት ነገር ያው ነው። የተበላሸው መልእክቱ ብቻ ነው።" ደስ ብሏቸዋል ስል ፊታቸው ቅጭም አለ። "ይህን ሁሉ አውቀን አንዲት የሰው እጅ ማብቀል አንችልም። እንዳትኮሪ" አሉኝ። ኧረ ማን ኮራ! እኔ እንደሆን ገና አዑዙ ቢላህን አልጨረስኩም ነበር።

እንሽላሊት በጫማ ሳሳድድ ያገኙኝንም ቀን አልረሳውም። ጭራዋን ጥላልኝ ግድግዳው ላይ ወጣች፤ ጭራዋ መሬት ላይ ይፈራገጣል። እሳቸው ጭራውን በመቆንጠጫ አንስተው "ሌላ ታበቅላለች፤ ግን እንደ ፊተኛው አይሆንም፣ አጥንት የለውም" አሉኝ። ደግሞ ጨምረው "የበቀለ ሁሉ እንደነበረው አይሆንም፤ ለሰው ስታወሪ ይህቺን አትዝለያት" አሉ። ዕውቀታቸውን ሳይሆን ይህችን ጠባያቸውን ነው እኔ የወደድኩላቸው። ሰው ደስ እንዲለው ብለው አንዲት ቃል አይጨምሩም ነበር። እኔ አንዱን አሥር ሳላደርግ ማውራት የማልችለው ሴትዮ፣ ከሳቸው ጋ ስሆን ምላሴን እይዝ ነበር።

ይህ ጠባያቸው የተፈተነው በእኔው ቤተሰብ ነው።

እህቴ ፋጡማ የምትኖረው መካ፣ ዛሂር ሰፈር ነው። ባሏ ሰይድ አንድ አሮጌ ሕንፃ ይጠብቃል፤ ለሐጅና ለዑምራ የሚመጣ እንግዳ የሚያርፍበት ነው። ያኔ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ነጃት፤ አራት ዓመቷ። እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ዓረብኛ የምትቀላቅል፣ እልኸኛ፣ እሳት የላሰች ልጅ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሕንፃው የብረት በር በንፋስ ተወርውሮ ሲዘጋ የግራ እጇን አመልካች ጣት ያዘባት። የጣቷ ጫፍ፣ ጥፍሯ መሃል ላይ፣ ተቆርጦ ወደቀ።

ፋጡማ ጮኸች፤ ጮኻ ስታበቃ አገር ቤት እንደለመድነው የተፈጨ ቡና አምጥታ ቁስሉ ላይ ነሰነሰች። ሰይድ ደግሞ መሬት ላይ የወደቀችዋን ጫፍ አነሳ። የሰው አካል እንደ ጥፍር ቁራጭ አይጣልም፤ እኛ ዘንድ ይቀበራል። በንጹህ ነጭ ጨርቅ ጠቀለላት፣ ቢስሚላህ ብሎ ከሕንፃው ጀርባ ካለችው ዛፍ ሥር ጉድጓድ ምሶ ቀበራት። ከዚያ ነው ልጁን አቅፎ ወደ ሙስተሽፋ የሮጠው።

ተረኛው ሐኪም ሱዳናዊ ነው። ቡናውን እያጠበ "ቁራጯስ የታለች?" አለው።

"ቀበርኳት" አለ ሰይድ።

ሐኪሙ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ለምን?"

"አካል ነቻ!"

እንግዲህ ሰይድ እዚያው ቆሞ ነው ነገሩ የገባው። ጫፏን ይዞ ቢመጣ ኖሮ ምናልባት መልሶ መስፋት ይሞከር ነበር። አሁን የቀረው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ጎልቶ የወጣውን አጥንት አሳጥሮ ቆዳ ጎትቶ መስፋት፣ ወይ ሳይሰፉ በሚገባ ሸፍኖ መጠበቅ። ሐኪሙ ለመጠበቁ ያደላ ነበር፤ ሰይድ ግን "በጭራሽ! ስፉላት!" ብሎ ተነሳበት። ጣቷን አሽገውላት ነገ ከሰዓት በኋላ ወስናችሁ ኑ ብለው ሸኟቸው።

ፋጡማ ላብራቶሪ ደወለችልኝ፤ እያለቀሰች ነው። ስልኩን ዘግቼ ለዶክተር ይርጋ ነገርኳቸው። ነገርኳቸው ስል፣ አለቀስኩባቸው ነው የሚባለው።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አራት።"

"የጥፍሯ ሥር አለ?"

"ሥሩ ተርፏል ነው ያሉት።"

"ተርፏል?" ደግመው ጠየቁኝ። "ጫፉን ሲነኩት ታለቅሳለች?"

"ኧረ ሰማይ ነው የምትቀደው!"

"እሰይ! ነርቩ ደህና ነው ማለት ነው" አሉና ሳህኑን ሳይከድኑ ተነሡ። ማዳሞቹን ሳይከድኑ ሲሄዱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለሱዳናዊው ሐኪም ደወሉለት። አነጋገራቸው ገረመኝ፤ ያ ሁሉ ቁጣ የት ሄደ? "እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ ላስተምርዎትም አልደፍርም" ብለው ጀመሩ። ሳይሰፋ በእርጥበቱ ሸፍኖ መጠበቁ በእንዲህ ያለ ጣት ላይ ያስኬድ እንደሆነ ጠየቁት። "እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው!" አለ ሐኪሙ፤ "አባትየው ነው አሻፈረኝ ያለው። እሱን ካሳመናችሁልኝ እኔ ዝግጁ ነኝ።"

ሰይድን የማያውቅ ነው ማሳመን የሚል። ደወልኩለት።

"ዘይነባ፣ እኔን አታታልዪኝ" አለኝ። "የሀበሻ ልጅ ስለሆነች ነው። የአገሬው ልጅ ብትሆን ክፍቱን ይተዉት ነበር? ክር ነው የቆጠቡባት! ጣቷን ቀብሬ ያሳጣኋት አንሶ ቁስሏንም ክፍቱን ልተወው?"

"ዶክተር ይርጋም የሚሉት ይህንን ነው።"

"እንግዲያው ይምጡና ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ።"

"ሰይድ፣ ክርስቲያን ናቸው እኮ፤ መካ እንዴት ይገባሉ?"

"ነገ ጠዋት እኔ እወጣለሁ" አለኝ።

ዶክተር ይርጋ በማግስቱ ኮትና ክራቫት አድርገው መጡ። ያን ሙቀት! "ዶክተር፣ ምን ነክቶዎት ነው?" ስላቸው "ሽምግልና ነው የምሄደው፤ በሸሚዝ ይኬዳል እንዴ?" አሉኝ። ከጅዳ ወደ መካ ሲኬድ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማያልፍበት ቦታ አለ፤ ከዚያ በፊት መንገድ ዳር ካለች ማደያ አቆምን። ሻይ ቤት አላት፣ አነስተኛ መስጊድም አላት። ሰይድ፣ ፋጡማና ነጃት በታክሲ መጡ። ነጃት እጇ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ የአባቷ ትከሻ ላይ አኩርፋለች።

ሰይድ ሰላምታ ሳይጨርስ "ቀበርኳት ዶክተር" አለ። "ባልቀብራት ይሰፏት ነበር። እኔው ነኝ ጣቷን ያሳጣኋት።"

"ጫፏ ምን ትመስል ነበር?"

"ተጨፍልቃ ነበር።"

"እንግዲያው ቢሰፏትም መያዟን እኔ እንጃ። አንተ የልጅህን ሥጋ አክብረህ ነው የቀበርከው፤ ለዚህ ራስህን አትርገም።" ወደ እህቴ ዞሩ። "ቡናውን ግን፣ ፋጡማ..."

"ውይ፣ ቡናውን ተዉኝ ዶክተር!" አለች ፊቷን ሸፍና። ሰይድም ሳይወድ ፈገግ አለ።

ከዚያ ሻይ ይዘው አስረዱት። ከተሰፋ ቶሎ ይድናል፣ ግን አጭር ሆኖ ይቀራል። ሳይሰፋ በእርጥበቱ ከቆየ ከጥፍሩ ሥር ያሉት ሕዋሳት ጫፉን ሊሠሩት ይችላሉ፤ ከቁስሉ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ሕዋሳቱን ወደ መሃል ይጠራቸዋል፣ ኬሚካሎቹ ሥራቸውን ይነግሯቸዋል። ክፍት ማለት የተተወ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከስፌት ይልቅ ጥበቃ የሚፈልገው ይኸኛው ነው።

ሰይድ አገጩን እያሻሸ አሰበ። "ታዲያ ያን ኤሌክትሪክ በሽቦ ብንጨምርላትስ?"

ዶክተር ይርጋ ሻዩን ሊደፉት ነበር። "ወየውልህ! ሽቦ የሚባል እንዳታስጠጋባት! የራሷ ይበቃታል።"

"እሺ፣ ይበቅላል?"

"ሊበቅል ይችላል።"

"ይማሉልኝ።"

"አልምልም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰይድ እኮ ሊለሰልስ አንዲት ቃል ነበር የቀረችው! በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸውና "ዶክተር፣ በማርያም ይበሉት እንጂ!" አልኳቸው በሹክሹክታ። በዓይናቸው ቀጡኝ።

"የማላውቀውን በማርያም አልምልም" አሉ ጮክ ብለው። "እኔ በዓይኔ ያየሁት በትልና በእንሽላሊት ነው። ሐኪሞች በሕፃናት ላይ ሲበቅል አይተዋል፤ ነጃትን ግን አላየኋትም። ጥፍሯ ሊጣመም ይችላል። ጣቷ ሊያጥር ይችላል። ካመረቀዘ ሐኪሙ ይቆርጠዋል፤ ያኔ ስደበኝ፣ ቆሜ እሰማሃለሁ።"

ሰይድ ዞሮ መንገዱ ላይ የሚያልፉትን መኪኖች ያይ ጀመር። ፋጡማ እኔን ታየኛለች፣ እኔ መሬቱን አያለሁ።

"ከወሎ ያስወጣኝ ደላላ ምሎልኛል" አለ በመጨረሻ። "ጀልባ ላይ ያሳፈረን ሰውዬ በቁርኣን ምሏል። ከፊሌ፣ ዋስ የሆነኝ አሠሪ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ በዚህ ወር ይወጣል ብሎ ምሎልኛል። እስከ ዛሬ የማለልኝ ሁሉ ጉድ ነው የሠራኝ። አልምልልህም ያሉኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።" ተነሣና ልጁን አቀፈ። "ኸላስ፣ በቃ፣ አይሰፋ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁምዓ ጁምዓ ማደያዋ መገናኛችን ሆነች። ፋሻውን የሚቀይረው ሱዳናዊው ሐኪም ነው፤ ዶክተር ይርጋ የሚመጡት ለማየት ብቻ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሚነዱት ሐኪሙ ጣቷ ላይ የለጠፈውን ብርሃን አሳላፊ መሸፈኛ በማጉያ መነጽር አጎንብሰው ለማየትና "ደህና ነው" ለማለት ነው። ነጃት ደግሞ እንደ ጠላቷ ነው የምታያቸው። ከመኪና ሲወርዱ ገና "ላ! ላ! እምቢ! ሽማግሌው መጣ!" ብላ እናቷ ዓባያ ውስጥ ትሸሸጋለች። ከረሜላ ያመጡላታል፤ ከረሜላውን ነጥቃ ትሸሸጋለች። አንድ ጊዜ ቅልጥማቸውን በርግጫ ብላቸው ሲያነክሱ ሰነበቱ። "የማን ልጅ ናት እንዲህ ያለችው?" ሲሉ ሰይድ ወደ ፋጡማ ይጠቁማል፣ ፋጡማም ወደኔ።

አንድ ማክሰኞ ፋጡማ ደወለች። "ሸተተ! ዘይነባ፣ በሰበሰ! የልጄ እጅ በሰበሰ!" ከኋላዋ የሰይድ ድምፅ ይሰማኛል፤ "አልማለም ብዬ አመንኩት፤ ያልማለው ለዚህ ነው!" ይላል።

ዶክተር ይርጋ ስልኩን ቀሙኝ። ትኩሳት አላት? እጇ አብጧል? ወደ ክንዷ የሚወጣ ቅላት አለ? ለሁሉም የለም አለች። "ቢሆንም አሁኑኑ ሐኪሙ ይያት፤ ራስሽ እንዳትከፍቺው፣ ምንም እንዳትነሰንሺበት" አሏትና ስልኩን መልሰው ኮሪደር ወጡ። ጆሮዬን ጣልኩ፤ የቆሎ ድምፅ የለም። ብወጣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እጃቸው የቆሎው ኪስ ውስጥ ነው፣ አንድ ፍሬ አላወጡም።

"በትል ስሳሳት ሌላ ትል አለ" አሉኝ ሳያዩኝ። "ነጃት ግን አንድ ናት።"

እኚያን ሰውዬ ፈርተው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ፋጡማ መልሳ ስትደውል እየሳቀች ነበር፣ እያለቀሰችም ነበር። አላመረቀዘም። ከመሸፈኛው ሥር የሚጠራቀመው ፈሳሽ ሽታው እንደዚያ ነው፤ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ነግሯቸው ነበር፣ በድንጋጤ ረስተውታል። "ዶክተርን ይቅር በሉኝ በይልኝ፤ ሰይድ ያለውን ሰምተዋል?" አለችኝ። ሰምተዋል። "ልክ ነው፤ ስደበኝ ብዬው አልነበር?" አሉ፤ ከዚያ ቆሎአቸውን አወጡ።

ኮንትራታቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መላው ላብራቶሪ አልቅሷል። የሰደቡት ሁሉ ነው ያለቀሰው። እኔ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ የሚታየኝ ግን ያ ሽኝት አይደለም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የመጨረሻዋ የማደያዋ ጁምዓ ናት።

መሸፈኛው ከተነሳ ቆይቷል። ጣቷ ቀስ በቀስ ሞልቷል፤ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ የራሷን መልክ ያዘ። ጥፍሩም ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ብቅ ብሏል። ፋጡማ ልጇን ጥፍር ለማስቆረጥ እሺ ማሰኘት አቅቷት ጥፍሯ ረዝሟል። ከመስጊዱ ግድግዳ ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ተቀመጥን። ዶክተር ይርጋ እንደገና ኮታቸውን ለብሰዋል። ተንበርክከው መነጽራቸውን አወጡና ጣቷን ያዙ፤ ጫፉን በቀስታ ነካ አደረጉት።

"ይሰማሻል የኔ ልጅ?"

ነጃት እጇን መነጨቀችና ፊታቸውን በጥፍሯ ሸረከተችው።

"ውይ አፈር በበላሁ!" ብላ ፋጡማ ዘላ ተነሳች። "አንቺ ባለጌ!" አልኩ እኔ። ጉንጫቸው ላይ ቀጭን የደም መስመር ወጣ። እሳቸው አልተነቃነቁም። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ ደሙን አይተው፣

"በየትኛዋ ነው?" አሉ።

"ምን አሉ?" አለ ሰይድ።

"በየትኛዋ ጣት ነው የቧጨረችኝ?"

ሰይድ የልጁን ግራ እጅ ያዘና ወደ ብርሃኑ አነሳው። በዚያች ዘንበል ባለች ጥፍር ሥር የዶክተር ይርጋ ቆዳ ገብቶበታል። ሰይድ ጣቷን አሳያቸው።

ያ ቁጡ ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ሌላኛውን ጉንጫቸውን ያዞሩላታል።

"ድገሚኝ የኔ እናት" ይሏታል፤ "እስቲ ድገሚኝ!"

እሷም አላሳፈረቻቸውም።